ለሳሙና ተሰልፌ የገባሁበት ክፍል

የዚያን ዕለት የሠራሁት ስሕተት አጭር ነው፤ ሰልፍ አየሁ፣ ገባሁ። ምን እንደሚታደል አልጠየቅሁም። በደርግ ዘመን ዘንቢል ይዞ የዞረ ሰው ይረዳኛል። ያኔ ሰልፍ ሲታይ መጀመሪያ ቦታ ይያዛል፤ ጥያቄው ይደርሳል። ለመጠየቅ ብለህ የቆምክ እንደሆነ ከኋላህ የመጣውን ሰው ከፊትህ ታገኘዋለህ። ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ዘይት ሊሆን ይችላል፣ አቡጀዲም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ዱቄት የሚታደል መስሏቸው ግማሽ ቀን ተሰልፈው በሩ ላይ ሲደርሱ የጠበቃቸው የክትባት መርፌ ነበር። ተወግተው ተመለሱ። «ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ነው» አሉ።

እኔን እናቴ የላከችኝ ለልብስ ሳሙና ነበር። ቀበሌያችን ሳሙና ያድላል የሚል ወሬ ከጠዋት ጀምሮ በሰፈሩ ይዞር ነበር። ብሄድ የቀበሌው ሱቅ ዝግ ነው። ስመለስ በትምህርት ቤታችን አጥር በኩል ሳልፍ ግን ከድሮው የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ በር ተነሥቶ እስከ ባንዲራው ዘንግ የሚደርስ ሰልፍ አየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በአዳማ ሙቀት በፈቃዱ ትምህርት ቤት የሚሰለፍ ጤነኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሳሙና ነው፤ ማደያው ወደዚህ ተዛውሯል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ማስረጃ እፈርድ የነበርኩ ሰው ዳኛ አለመሆኔ ለአገሪቱ ትልቅ ዕድል ነው።

ከፊቴ የቆመችውን ልጅ በዓይን አውቃታለሁ። ከኮካ ወዲያ ያለችው የዓለም ጤና ልጅ ናት፤ የሽንኩርት ገበሬ ልጅ። አዳማ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የንግድ ሥራ ዘርፍ ትማራለች።

«ለሰው ስንት ስንት ነው የሚሰጡት?» አልኳት።

«አንድ አንድ ነው አሉ።»

«አንድ ለአንድ ቤተሰብ ምን ይሆናል?»

ዞር ብላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዘንቢሌን አየች። «በዚህ ነው የምትወስደው?» አለችኝ።

«በምን ልውሰደው ታዲያ?»

ፊቷን ወደ ሰልፉ መለሰች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሙቀት ብርድ ይዟት ነው ብዬ አዘንኩላት።

የወርክሾፑ በር ሁለት መዝጊያ ነበረው። አንደኛው ከድሮ ጀምሮ በምስማር ተመቷል፤ ስለዚህ ሰው የሚገባው አንድ በአንድ፣ ጎኑን ሰጥቶ ነው። ሰልፉን ያረዘመው እሱ ነበር። በሩ ላይ መነጽራቸው በክር የታሰረ ቀጭን ሰውዬ ካርቶን ታቅፈው ቆመዋል። ተራዬ ሲደርስ ከካርቶኑ አንድ ነገር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና «ግባ፤ ግድግዳ ያዝ» አሉኝ።

እጄን ገልጬ አየሁ። ነጭ ነው፤ ከትንሽ ጣቴ ያንሳል። ሳሙናውን እንዲህ ቆራርሰው ነው የሚያድሉት? አገሪቱ ተቸግራለች ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ሳሸተው ነው ጠመኔ መሆኑ የገባኝ።

ውስጡ ወንበር የለም፤ ጠረጴዛ የለም። የእንጨት መሰንጠቂያዎቹ ተበላሽተው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ባዶ ነበር። ያለው ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ከወለሉ ከፍ ብሎ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን ጥቁር ተቀብቷል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠው፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሰው የቀቡት ራሳቸው ሰውዬውና ቀድመው የሰሙ ተማሪዎች እንደሆኑ በኋላ ሰማሁ። በቀዳዳው ቆርቆሮ የሚገባው ፀሐይ ጥቁሩ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። ሁሉም ሰው የየራሱን ቁራጭ ግድግዳ ይዞ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ለቅጣት የቆመ ክፍል ይመስል ነበር። ለቅጣት መቆም ደግሞ ሙያዬ ስለነበር ቶሎ ለመድኩት።

ሰውዬው መምህር ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወደ እኛ ትምህርት ቤት ተመድበው የመጡት በዚያው ዓመት ነበር። ለምን ተመደቡ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጤና ጥሩ አልነበረም። ሰልፈኛው ሁሉ ሲገባ መሐል ወለሉ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ አሉ፦

«ካልኩለስ ነው የምንማረው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚማረውን ነው። እዚያ እንዳስተማርኩት እንዲሁ አስተምራችኋለሁ፤ አላቀልላችሁም። የሳይንስ ዘርፍ፣ የንግድ ዘርፍ፣ የቤት አያያዝ፣ አንደኛ የወጣ፣ መጨረሻ የወጣ የሚባል ነገር በሩ ላይ ቀርቷል። ግድግዳ የያዘ ሁሉ ተማሪዬ ነው። ጥያቄ አለ?»

እኔ ነበረኝ። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ሳሙናውስ መቼ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዓለም ጤናዋ ልጅ ግድግዳዋን ተደግፋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ብርዱ ለካ ያ ነበር። መምህሩ ብቻ አልሳቁም። «ዛሬ ሳሙና የለም» አሉኝ እንደ ቁም ነገር። «ቆይና እየው። ካልወደድከው ሂድ።»

መሄድ እንኳ ፈልጌ ነበር። ግን በሩ ጠባብ ነው፣ የሚስቀው ሰው ብዙ ነው፣ ዘንቢሌም ትልቅ ነው። ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገባሁት እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነው፤ መውጫ አጥቼ።

በዚያው ቅጽበት ከባቡር ጣቢያው በኩል ሊቶሪናዋ ጮኸች። መምህሩ ጆሯቸውን አቀኑ። «ምን ያህል ትፈጥናለች?» አሉ።

አንዱ የሳይንስ ዘርፍ ጎበዝ ከሞጆ እስከ አዳማ ያለውን ርቀት ለሰዓቱ አካፍሎ መልሱን ጠራ።

«ይኼ የመንገዷ ነው» አሉ። «መንገድ ላይ ቆማለች፣ ሮጣለች፣ ተንፏቃለች። እኔ የምጠይቀው አሁን ነው። አሁን ስትጮህ፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ።»

አፌ አስቸግሮኝ ነው እንጂ መናገር አላሰብኩም ነበር። «በቅጽበት ውስጥማ ቆማለች ቲቸር። የት ትሄዳለች? ሰዓት አልተሰጣት።»

ሰው ሁሉ ለመሳቅ ተዘጋጀ። መምህሩ ግን ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ማነው?» አሉ።

«ሳሙናው ነው» አለ አንዱ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ የክፍል ጓደኛ እስከ ዛሬ ብዙ የለኝም።

«ሳሙና፣ ይኼ የጠየቅኸው ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችን ለብዙ ዘመን እንቅልፍ ነሥቷል» አሉኝ። እኔን ደግሞ እስከዚያች ዕለት ድረስ እንቅልፍ የነሣኝ ትኋን ብቻ ነበር።

ከዚያ አጻፉን። ከጣቢያ የምትነሣ ባቡር፤ የሄደችው ርቀት ደቂቃው በራሱ ሲባዛ ነው። ከአንደኛው ደቂቃ እስከ ሁለተኛው ፍጥነቷ ሦስት ወጣ። ጊዜውን በግማሽ ሲያሳጥሩት ሁለት ተኩል። ወደ አንድ አሥረኛ ሲያሳጥሩት ሁለት ነጥብ አንድ። አሁንም አሳጥሩ አሉን፤ ሁለት ነጥብ ዜሮ አንድ። አሳጥሩ፤ ሁለት ነጥብ ዜሮ ዜሮ አንድ። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ እጄ እየጻፈ ቁጥሩ ራሱ ወደ ሁለት ሲሄድ አየሁት። ሁለትን አይነካም። አይመለስም። እንደ ጉድጓድ ውኃ ወደ ታች እየጠራ ይሄዳል። የክንዴ ፀጉር ቆመ። ቅጽበት ለካ ፍጥነት አላት! አንዲት የቆመች የምትመስል ነጥብ ሆዷ ውስጥ ሩጫዋን ይዛ ነው የምትቀመጠው! ዙሪያዬን አየሁ። የቤት አያያዝ ሴቶች፣ የእኔ ቢጤ ደጋሚዎች፣ ጎበዞቹም ሳይቀሩ ግድግዳቸው ላይ አፍጥጠው ዝም ብለዋል። እንዲህ ያለ ዝምታ የሰማሁት ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር፤ እዚያም ሁልጊዜ አይደለም።

ቤት ስገባ እናቴ ዘንቢሉን ከፈተችው። ከታች ቁራጭ ጠመኔ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጠመኔ።»

«ሳሙናውስ?»

«እማዬ፣ ሊቶሪናዋ ስትጮህ በዚያች ቅጽበት ስንት እንደምትፈጥን ታውቂያለሽ?»

«እኔ የማውቀው የአንተ ሸሚዝ በምን እንደሚታጠብ አለማወቄን ነው» አለች። ያንን ሳምንት በእንዶድ ታጠበ።

በየቅዳሜው ሰው እየጨመረ ሄደ። መጽሐፍ አንድ ነበር፤ የመምህሩ፣ ሽፋኑ የወለቀ። አስተማሪ አንድ ነበር። ግድግዳው ሞልቶ ሁለት ሁለት ሆነን እየተፈራረቅን መቆም ጀመርን። መምህሩ በአንዱ ትከሻ ላይ ጎንበስ ሲሉ ሌላው ይጠብቃቸዋል፤ ድምፃቸው ተዘጋ። መላውን ያመጣችው የዓለም ጤናዋ ልጅ ናት።

«ቲቸር» አለች፣ «እኛ አገር ሽንኩርት ሲታረም አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። በወንፈል ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ ታርማለህ፤ ነገ እኔ ላንተ እመጣለሁ። ሰው ያለበትን ተራ ሳይመልስ አይቀርም፤ ነውር ነው።»

መምህሩ ወደዱት። ሕግ አደረጉት። የገባው ላልገባው ያስረዳል፤ የተረዳው ደግሞ ያስረዳውን ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር በተራው ያስተምረዋል። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቱ ያስረዳችኝን የባቡሩን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት መልሼ ለራሷ ላስረዳት ተነሣሁ።

«አንተ ሳሙና» አለችኝ፣ «የራሴን ሽንኩርት መልሰህ ልትሸጥልኝ ነው? የማላውቀውን አምጣ።»

እሷ የማታውቀውን ማግኘት ደግሞ ከካልኩለሱ ይከብድ ነበር።

ነገሩ ዲሬክተሩ ጆሮ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከበላይ የሚጠየቁት በማትሪክ ውጤት ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መምህር ካገኙ ጊዜያቸው ለጎበዞቹ እንዲውል ፈለጉ። አንድ ቅዳሜ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሰልፋችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«መምህር፣ እነዚህ በውጤት የመጨረሻው ክፍል ልጆች ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ይማራሉ፣ ጓድ ዲሬክተር።»

«የዩኒቨርሲቲ ትምህርት? የአሥራ አንደኛውን መቼ ቻሉት? ለተመረጡት ይስጡ፤ አሥር አሥራ አምስት ጎበዝ እኔ ራሴ እመርጥልዎታለሁ። ሌላውን አያድክሙት።»

«ከመረጥን በኋላማ የምናውቀውን ነው የምናውቀው» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው። «ያልመረጥነውን በምን እናውቀዋለን?»

ተከራከሩ፤ እኛ ጠመኔያችንን እንደያዝን እናዳምጣለን። በመጨረሻ ዲሬክተሩ አንድ ነገር ወሰኑ። ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዳ ይመጣል። በዚያን ዕለት ዲሬክተሩ ራሳቸው ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ ይጠራሉ። ከመጽሐፉ የተሰጠውን ከሠራ በሩ ለሁሉም እንደተከፈተ ይቆያል። ካልሠራ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ የሚገባው የተመረጠው ብቻ ነው።

ማንን እንደሚጠሩ ለማወቅ ካልኩለስ አያስፈልግም ነበር። የዲሬክተሩን ቢሮ ወለል ከእሳቸው የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ተንበርክኬበት።

ሰው ሲበተን የዓለም ጤናዋ ልጅ ዘንቢሌን ያዘች። «ኮቱ፣ ሳሙና» አለችኝ። ና ማለቷ ነው። «አንተ ብትወድቅ አንተ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፤ ወደ ሳሙናህ። ከዚህ የምወጣው እኔ ነኝ። የንግድ ዘርፍ ልጅ ማን ይመርጣል? አባቴ እዚህ ያስቀመጠኝ የመዝገብ ሥራ ተምሬ ቶሎ ደመወዝ እንድይዝ ነው። ሌላ ነገር እንደምችል የነገረኝ ይኼ ግድግዳ ብቻ ነው። እሱንም አንተ እጅ ላይ ጣሉት።»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ያ አንዱ ነበር።

አክስቷ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ከትምህርት በኋላ ልጅቱ እዚያ ትውላለች፤ ስለዚህ የተማርኩት በሽንኩርት ጆንያዎች መሐል፣ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ እየጻፍን ነው። እስከ ዛሬ ካልኩለስ ሲባል ዓይኔ የሚያለቅሰው በዚያ ነው። አክስቷ ከውጭ ሆነው «ልጁን ምን አድርገሽው ነው የሚያለቅሰው?» ይላሉ። «ምንም አላደረግሁት፤ ሰው እየሆነ ነው» ትላለች እሷ።

ያስቸገረኝ የመሬቱ ነገር ነበር። ጎኑ የተጣመመ መሬት ስፋቱ እንዴት ይለካል? መጽሐፉ እንደ እባብ የተጠመጠመ ምልክት አድርጎበታል፤ እኔ እባቡን ፈርቼ ነገሩን አላየሁትም።

«ምልክቱን ተወው» አለችኝ። «አባቴ የሚያርሰውን መሬት አስብ። በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ነው። በአንድ በኩል የኮካ ሐይቅ እንደፈለገ በልቶታል። ስፋቱን ንገረኝ።»

«በምን አውቄው?»

«ሽንኩርት የሚተከለው በመደብ አይደለም? መደብ በመደብ አስምረው። አንዱ መደብ ረዥም፣ አንዱ አጭር። እያንዳንዱን ለካና ደምር።»

«ጫፉ ላይ ግን ይተርፋል። ሐይቁ ጠማማ ነው፤ መደቡ ቀጥ ያለ ነው።»

«ጥሩ። መደቡን አጥብበው። አሁንስ?»

«ትንሽ ይተርፋል።»

«አጥብበው።»

«ትንሽ...» አልኩና ጠመኔዬን አወረድኩ። የቅጽበቷ ነገር ተመልሳ መጣችብኝ። መደቡ እንደ ክር ሲቀጥን፣ ከክርም ሲቀጥን፣ የሚተርፈው ያልቃል። ሐይቁ እንደፈለገ ይጣመም፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ ይጠብቀዋል። ሩጫዋን ሆዷ ውስጥ የደበቀችው ቅጽበትና ይኼ የሽንኩርት መሬት ለካ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው! ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዘመን ሐይቁ ዳር ሰው ሽንኩርት ሲተክል ይኼ ነገር እግሩ ሥር ተኝቶ ኖሯል።

«ገባህ?» አለችኝ።

«ገባኝ።»

«እንግዲህ አንድ ተራ አለብህ። የማላውቀውን።»

እንግዳው የመጡ ዕለት ወርክሾፑ ጢም ብሎ ነበር። ካኪ ኮት የለበሱ ሰፊ ሰው ናቸው፤ በዚያች ግማሽ በር ለመግባት መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ማስወጣት ነበረባቸው። ዲሬክተሩ ዙሪያውን አዩ፤ ላለመታየት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን አዩኝ።

«አንተ። ና ወደ ፊት።»

ጥያቄውን መምህሩ እንዳይሰጡ ተባለ። እንግዳው መጽሐፉን ተቀብለው አውራ ጣታቸው በወደቀበት ገለጡና እየተቸገሩ አነበቡልኝ። ጎኑ የተጣመመ መሬት ነው፤ ከዜሮ እስከ ሦስት። አቤት ደስታዬ! የልጅቱን ጆንያዎች በሐሳቤ አየሁ፤ ሽታው ሁሉ መጣልኝ። ጠመኔዬ እየዘለለ ጻፍኩ፣ አባዛሁ፣ ቀነስኩ፣ ከመልሱ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ዘጠኝ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ነበረበት።

ዲሬክተሩ ወደ መምህሩ ዞሩ። «ልክ ነው?»

መምህሩ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። መልስ መስጠትም ተከልክለዋል፤ የከለከሏቸው ዲሬክተሩ ራሳቸው ናቸው። ከኋላዬ ጠመኔ ሲሰበር ሰማሁ። ማን እጅ ውስጥ እንደተሰበረ ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም።

መልሴን አፍጥጬ አየሁት። ከዜሮ በታች የሆነ መሬት። የመሬት አዋጁ እንኳ እዚያ ድረስ አልሄደም አልኩ በሆዴ፤ እዚያው ሆዴ ውስጥ አስቀረሁት፤ እነሆ ዛሬ አወጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይኼ ሊሆን አይችልም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አሉ ዲሬክተሩ።

«መሬቱ፣ ጓድ ዲሬክተር። ሽንኩርት የበቀለበት መሬት ከባዶ አያንስም። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።»

«ማንም ተሳስተሃል አላለህም እኮ» አሉ እንግዳው።

«መሬቱ ብሎኛል።»

ከታች ወደ ላይ ሥራዬን መልሼ አነበብኩ። ቀስ እያልኩ ወደ መጀመሪያው መስመር ወጣሁ፤ እዚያው ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። ከዜሮ ወደ ሦስት ልሄድ ሲገባኝ ከሦስት ወደ ዜሮ ሄጃለሁ።

«አገኘሁት!» አልኩ። «ከመጨረሻው ገብቼ ወደ መጀመሪያው ነው የለካሁት። ሰልፉን በተሳሳተ ጫፍ ይዤው ነው።» ምልክቱን በእጄ ጠረግሁት። ዘጠኝ።

እንግዳው መጽሐፉን ከኋላ ገለጡ፤ መልሱን አዩ፤ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲሬክተሩ ግን እኔን ትተውኝ ነበር። ከኋላዬ ያለውን ያያሉ። እኔም ዞርኩ።

ያየሁትን እስከምሞት አልረሳውም። እኔ ፊት ለፊት ስወድቅና ስነሣ ክፍሉ ሁሉ ሳይታዘዝ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ የየራሱን ግድግዳ ይዞ ያንኑ ሲሠራ ነበር። ከበሩ እስከ በሩ፣ ዙሪያውን፣ በዚያ ጥቁር ላይ ነጭ በነጭ ዘጠኝ። ትልቅ ዘጠኝ፣ እንደ ጉንዳን ያነሰ ዘጠኝ፣ የቤት አያያዝ ሴቶች እንደ ጥልፍ ያሳመሩት ዘጠኝ፣ በግራ እጁ የሚጽፈው ልጅ የተዘነበለ ዘጠኝ። አንዱ ሃያ ሰባት አውጥቷል፤ ሁልጊዜም አንድ አይጠፋም። በመሐሉ የተሰበረ ጠመኔዋን ይዛ የዓለም ጤናዋ ልጅ። መልሷ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ዲሬክተሩ ቀስ ብለው ዙሪያውን ተራመዱ። በየሰዉ ትከሻ ላይ ጎንበስ እያሉ አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው በምስማር የተመታውን መዝጊያ በእጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

«ይኼን ማነው የመታው?» አሉ።

የሚያውቅ የለም።

«ሰኞ ይነቀል። እንዲህ ያለ ሰልፍ በአንድ መዝጊያ አይገባም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ክሩን ሲፈቱና መልሰው ሲያስሩ ቆዩ።

የዚያ ክፍል ልጆች ሁሉ ትልቅ ቦታ ደረሱ ብዬ አልዋሽም። አንዳንዱን ጦርነቱ ወሰደው። ብዙው ማትሪክ ላይ ቀረ፤ እኔም ከቀሩት ነኝ፤ ነጥቤ እንደዚያ ከዜሮ በታች እንደወጣው መሬቴ ነበር፤ ይኼኛውን ግን መጥረግ አልቻልኩም። የጭነት መኪና ነጂ ሆንኩ። ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርት፣ ከዝዋይ ቲማቲም ስጭን ኖርኩ። ካልኩለሱ ምን ጠቀመህ ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። ሌላው ነጂ የፍጥነት ቆጣሪውን የሚያየው ትራፊክ ፈርቶ ነው። እኔ ያቺን መርፌ ባየሁ ቁጥር ያቺን ቅጽበት አያታለሁ። ከመሪው ኋላ ሆና ትንቀጠቀጣለች፤ አሁን፣ አሁን፣ አሁን እያለች ትነግረኛለች። ዕድሜዬን ሁሉ ፊት ለፊቴ ተአምር ተሰቅሎልኝ ነው የነዳሁት።

የዓለም ጤናዋ ልጅ በሩ እንደተከፈተላት ሄደች። ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ መሐንዲስ ሆነች፤ የመስኖ ቦይ ስትዘረጋ ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታ ዝዋይ ተቀምጣለች። ክረምቱ ገብቶ አዲስ አበባ ስትሄድ ያችን ተራ ሳልመልስላት ነበር የተለያየነው። እሷ ደግሞ አትረሳም። ባገኘችኝ ቁጥር «አካም ጅርታ፣ ሳሙና? ወንፈሌን አመጣህ?» ነው ሰላምታዋ። የሞተር ነገር አመጣሁ፤ ታውቀዋለች። የደመና ነገር አመጣሁ፤ ታውቀዋለች። ሥራዋ ውኃ ነው፤ የእኔን ደመና ምን ታደርገዋለች።

አንድ ጊዜ ግን የማታውቀውን አገኘሁላት ብዬ ነበር። ከአዳሚ ቱሉ ስመለስ መኪናዬን ደጇ ላይ አቁሜ ጠራኋት። «ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጅራቱ ወደ ግራ እንዲሄድ የፈለግሽ እንደሆነ መሪውን የምታዞሪው ወደ ቀኝ ነው። ይኼን ነጂ ያልሆነ አያውቅም።»

ዓይኗ በራ። አላወቀችውም ነበር! ደስ ብሎኝ ልጨፍር ደረስኩ።

«ለምን?» አለችኝ።

«ምኑ ለምን?»

«ለምን ወደ ቀኝ?»

«እንዲያ ነዋ። በቃ እንዲያ ነው።»

«እንዲያ ነው ትምህርት አይደለም» አለችና ጎንበስ ብላ አቧራ የለበሰውን የመኪናዬን በር በጣቷ ሰነጠቀችው። ጎማውን ሣለች፣ ተሳቢውን ሣለች፣ ማጠፊያውን ሣለች፣ ቅጽበቷን አመጣቻት፤ ያንን ሁሉ ዘመን እጄ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ለራሴ አስረዳችኝ። እኔ እንደ ድሮው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በሩን እስከ አዳማ ድረስ አላጠብኩትም።

«እንግዲህ» አለች እጇን እያራገፈች፣ «የድሮው አንድ አለ። የዛሬው ሲጨመር ሁለት ተራ አለብህ።»